መሰላሉን አላውስም

ኦገስት 12፣ ሰኞ

ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው አልወድም። ሥራ ያለው ሰው ስለ ሥራው አይጽፍም፣ ይሠራል። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ የምከድነው ጣራ የለኝም። ደግሞም ማጥናት ያለብኝ ነገር መጥቷል፣ ሳጠና መጻፍ ልማዴ ነው። አንድ በጋ የባሕር ወፎችን ያጠናሁትም እንዲሁ እየጻፍኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት እራት ላይ ቪላድስ ሹካውን አስቀመጠና "አንከር፣ እንጋባ" አለኝ።

"ተጋብተናል" አልኩት።

"አልተጋባንም። ተመዝግበናል።"

እውነቱን ነው። በ1999 ኦክቶበር 2 ማዘጋጃ ቤት ቆመን ፈርመናል። ያኔ ሕጉ እንደኛ ላሉ ሁለት ወንዶች ጋብቻ የሚለውን ቃል አልሰጠም፤ የሰጠን "የተመዘገበ ጥምረት" የሚል ነው። ተጣማሪዎች ተባልን፣ እንደ እርሻ በሬ። ጋብቻ የሚለው ቃል ከዓመታት በኋላ መጣ፤ የፈለገ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ጥምረቱን ወደ ጋብቻ ማዞር ይችላል ተባለ። እኔ አልሄድኩም። ሲነፍጉኝ የኖሩትን ቃል ተሰልፌ አልወስድም።

ቪላድስ የሚቸኩልበት ምክንያት አለው። ኦክቶበር 2 ሃያ አምስት ዓመት ይሞላናል። በዚህ ደሴት ሃያ አምስት ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ጎረቤቶቻቸው ማልደው መጥተው ደጃፋቸው ላይ ከጥድ ቅርንጫፍ የክብር በር ያቆማሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ከዚያ ቤት ገብተው ቁርስ ይበላሉ። ይህ የብር ሠርግ ነው። በግማሹ ላይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላ፣ የመዳብ ሠርግ የሚባል አለ፤ ለእሱም በር ይቆማል። የእኛ መዳብ ሲደርስ ማንም አልመጣም።

"ዘንድሮም ካልመጡ እዚህ መንገድ ላይ አልኖርም" አለ ቪላድስ። "ከባሕሩ ማዶ ኦዴንሴ ከተማ እህቴ ቤት ላይኛው ፎቅ ባዶ ነው። ከተጋባን ግን ማንም ሰበብ አያገኝም።"

"እሄዳለሁ ነው የምትለኝ?"

"እንሄዳለን ነው የምልህ። አንተ ካልመጣህ ግን፣ አዎ፣ እሄዳለሁ።"

ይህን ቤት በእጄ ነው የከደንኩት። አስብበታለሁ አልኩት። ጋብቻ ምን እንደሆነ፣ ከጥምረት በምን እንደሚለይ፣ መጀመሪያ አጠናለሁ። የማላውቀውን ነገር አልፈርምም።

"በሰባ ሰባት ዓመትህ ልታጠና?"

"ዕድሜ ከጥናት አይከለክልም።"

"ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ጊዜ ኖረህ ካላወቅከው..." አለና ሳህኑን አንስቶ ሄደ።

ኦገስት 15

የመጀመሪያ ምልከታ። ቶቬና ፕሬበን፣ ፊት ለፊታችን ያሉት። በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ፣ ልጆች ያደረሱ። ፕሬበን አትክልት ያጠጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩን እኮ ነው የምታጠጣው!"

"ድንጋዩም ይጠማዋል።"

ቶቬ የውሃ ጎማውን ቀማችውና ውሃውን ጫማው ውስጥ ለቀቀችው። ፕሬበን ፈቀቅ አላለም። "አሁን ደግሞ እኔን ታበቅይኛለሽ" አላት። ሁለቱም ሳቁ።

እኔና ቪላድስም እንዲሁ ነን፣ ጎማ ባይኖረንም። ልዩነት አልተገኘም።

ኦገስት 17፣ ቅዳሜ

በቴሌቪዥን የኮፐንሃገኑ የኩራት ሰልፍ። ቪላድስ የቀስተ ደመናውን ባንዲራ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ግቢ ያለው ምሰሶ ላይ እንስቀለው አለ። ምሰሶው ለአገር ባንዲራ ነው፣ ለልደትና ለበዓል፤ ይህን ያውቃል።

"መኩራት ያለብኝ በሠራሁት ነው" አልኩት። "ጣራ ከድኛለሁ፣ በዚያ እኮራለሁ። እንዲሁ በተወለድኩበት ነገር ለምን እኮራለሁ?"

"አለማፈር ሥራ አይደለም? አንተ በሃያ ዓመትህ አታፍርም ነበር?"

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩ።

"አየህ" አለ። "እሱንም ሠርተኸዋል። ከጣራ ይከብድ ነበር።" ከዚያ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆኖ፦ "ኩራት እንኳ ሞልቶሃል፣ የማይረባው ዓይነት!"

ባንዲራውን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀለው። ከመንገድ ይታያል። አንዱ ጫፍ ወድቆ ስለነበር በትንሽ ምስማር አጠበቅኩት፤ የተንጠለጠለ ነገር አልወድም።

ኦገስት 23፣ ዓርብ

ወደብ ሄድኩ። መርከቢቱ በየቀኑ ሊጋቡ የመጡ ሰዎች ታራግፋለች። በአገራቸው ወረቀቱ የሚበዛባቸው፣ ወይም ጨርሶ የማይፈቀድላቸው፣ እኛ ጋ መጥተው ተጋብተው ይመለሳሉ። ለጥናቴ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የታዘብኩት፦ ሲወርዱ እየተጨቃጨቁ ነው፤ ሻንጣው፣ ጫማው፣ ሰዓቱ። ሲመለሱም እየተጨቃጨቁ ነው፣ ግን ተያይዘው።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ከማዘጋጃ ቤት በኩል መጡ፣ ፖላንዶች። አንዷ ነጭ ሱሪ፣ አንዷ ሰማያዊ ቀሚስ። ፎቶ እንዳነሳቸው ስልካቸውን ሰጡኝ። የተነጋገርነው በጀርመንኛ ነው፣ እኔም እነሱም በማንችለው። ሁለት ጊዜ ጭንቅላታቸውን ቆረጥኩት፤ በሦስተኛው ተሳካ።

"እርስዎስ አግብተዋል?" አለችኝ ባለ ሱሪዋ።

"ተመዝግቤአለሁ" አልኳት።

"እንደ መኪና?"

ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት። "ዳሪያ! ሽማግሌ ናቸው እኮ!"

"ምን አጠፋሁ? ከማን ጋር ነው የተመዘገቡት?"

"ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር። ቪላድስ ይባላል።"

ከዚያ ዳሪያ ከያዘችው እቅፍ አንድ አበባ መዛ ሰጠችኝ። "ለዳቦ ጋጋሪው" አለች። "እኛ ነገ አገራችን ስንገባ እንደገና ጓደኛሞች ነን። ቀለበቱን ባቡር ውስጥ እናወልቀዋለን። እርስዎ ግን ቃሉ ደጅዎ ድረስ መጥቶልዎ አይወስዱትም?"

የሚመለስ ነገር ነበረኝ፤ በጀርመንኛ አልመጣልኝም። በሌላም ቋንቋ አልመጣልኝም።

አበባውን ለቪላድስ ሰጠሁት። "ከየት ነው?" አለ። ከወደብ አልኩት። ውሃ ውስጥ አስቀመጠው።

ኦገስት 24

እንደ መኪና።

ኦገስት 28

ሐኪም ቤት። ፀሐፊዋ "አደጋ ቢያጋጥምዎ ለማን እንደውል?" አለችኝ። "አብሮኝ ለሚኖረው" አልኳት። ሁልጊዜ የምለው ነው። ቪላድስ አጠገቤ ተቀምጦ የዓሣ ማጥመጃ መጽሔት ያገላብጣል፤ ገጹን ሲገለብጥ ከሚገባው በላይ ጮክ አደረገው። ዓሣ አጥምዶ አያውቅም።

መንገድ ላይ ስለ መጀመሪያው በጋችን አሰብኩ። የዳቦ ቤቱን ጣራ ልከድን መጥቼ ነበር። እሱ በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ ምስማር በምስብበት ባልዲ ውስጥ ያስቀምጥና ገመዱን አንድ ጊዜ ይነቀንቀዋል። አይጣራም፣ አያወራም። እኔም ስቤ እበላለሁ። ፍቅር ሲባል ሰዎች ብዙ ያወራሉ፤ እኔ የማውቀው ገመዱ ሲነቀነቅ እጄ ሥራውን እንደሚያቆም ነው። ያ ጣራ ከታሰበው በላይ ጊዜ ፈጀ። ዝናብ ነበር።

ቪላድስ ያን በጋ ድርቅ ነበር ይላል።

ሴፕቴምበር 3፣ ማክሰኞ

ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። ጥያቄዬ ግልጽ ነበር፦ ሁለት ሰዎች ጥምረታቸውን ወደ ጋብቻ ቢያዞሩ ዓመቱ የሚቆጠረው ከምዝገባው ነው ከጋብቻው? ከጋብቻው ከሆነ ሃያ አምስት ዓመቴ ይሰረዛል፤ በሰባ ሰባት ዓመቴ አዲስ ሙሽራ እሆናለሁ። አልሆንም።

ልጅቱ "ለምንድን ነው የፈለጉት? ለጡረታ ነው?" አለች።

"ለክብር በር።"

ወረቀት ስታገላብጥ ሰማሁ። "የክብር በር የእኛ ክፍል አይደለም። ጎረቤትዎን ይጠይቁ።"

ጎረቤት አልጠይቅም።

ሴፕቴምበር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ የማልተና የፍሬያ የመዳብ ሠርግ ነበር፤ የመንገዱ መጨረሻ ያሉት ወጣቶች። ትናንት ቶቬ መጥታ መሰላሉን ወሰደች። የጣራ ሠራተኛ መሰላል ስለሆነ በዚህ መንገድ ላይ ከእሱ የሚረዝም የለም፤ ያለ እሱ የሚቆም በር ዝቅ ይላል። መሰላሉ ይሄዳል፣ እኔ አልሄድም። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ቪላድስ ሄዶ ዘፈነ። እኔ ከመስኮት ተመለከትኩ፣ ለጥናቱ። ፍሬያ ፀጉሯ እንደቆመ በሌሊት ልብሷ ወጥታ እንደደነገጠ ሰው አፏን ያዘች። በሳምንቱ መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ እንቁላል በካርቶን ስታስጭን አይቻታለሁ። ይህም የደንቡ አካል ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያውቅም።

አንድ ጊዜ ልጻፈው። በመዳባችን ዋዜማ ቪላድስ ለመንገዱ ሰው ሁሉ የሚበቃ ድብልብል ዳቦ ጋገረ፤ ያኔ ዳቦ ቤቱ ገና የእሱ ነበር። በማግስቱ ማለዳ፣ ደንቡ እንደሚለው የተኛን መስለን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ጠበቅን። ወፎቹ ጀመሩ፣ ነጋ፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ወጣች። የመጣው ፖስተኛው ብቻ ነው። ቪላድስ ተነስቶ ዳቦውን በከረጢት በከረጢት አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። እስከ በጋው አጋማሽ ከዚያ እያወጣን በላን፤ ስለ ዳቦው አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ የማንም በር ሥር አልቆምኩም።

ማታ ቪላድስ "ቆንጆ ነበር" አለ። ቀጥሎም፦ "ዘንድሮ አልጋግርም።"

"ማን ጋግር አለህ?"

"ማንም። ለዚያ ነው የማልጋግረው።"

ሴፕቴምበር 12

ከኋላ ያለው የጥድ አጥሬ ተቆርጧል። ንጹሕ ቆረጣ፣ በመቀስ። ነፋስ አይደለም።

ሴፕቴምበር 14

እንደገና። ሌባው ምርጥ ምርጡን ነው የሚወስደው። ጥድ ማን ይሰርቃል? የገና በዓል እንደሆነ ገና ሩቅ ነው።

ሴፕቴምበር 16፣ ሰኞ

ሱቅ ውስጥ ከብስኩቱ መደርደሪያ ጀርባ ነበርኩ። ቶቬና ፕሬበን ከወዲያ በኩል ናቸው፤ አላዩኝም። የማልሰማ ለመምሰል የብስኩቱን ፓኮ አነብ ነበር።

"ያኔ እኮ ክርክሩ ነው የገደለን" ትላለች ቶቬ። "ሠርግ ነው፣ ሠርግ አይደለም። የተመዘገበ ሰው መዳብ አለው፣ የለውም። ስንጨቃጨቅ ቀኑ አለፈ።"

"ከዚያ ደግሞ አፈርን።"

"በማግስቱ ዳቦ ቤት ስገባ የቪላድስን ዓይን ማየት አቃተኝ። ስንት ጊዜ የታሸገ ዳቦ በላን!"

"ያ ደረቁ ሰውዬስ?"

"እሱማ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለን መሰላሉ ብቻ ነው።"

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ማን ይሰማል? ብስኩቱ?"

ብስኩቱ ስኳር ይበዛበታል።

ስለዚህ ቃሉ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጥላቻ ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ሰዋስው ነበር። በጣም ይገርማል። ቪላድስ ይህን ማወቅ ነበረበት፣ ዛሬውኑ። ቤት ስደርስ ልብስ እያሰጣ ነበር። "ነፋሱ ጥሩ ነው" አልኩት።

ሴፕቴምበር 20፣ ዓርብ

አጥሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ ይህ ጥድ ባለቤት አለው።

ከሰዓት በኋላ ቶቬ መጣች።

"አንከር፣ መሰላሉን ለጥቂት ቀን ትሰጠኛለህ?"

"ለምን?"

"ለአሸንዳ።"

"የአንቺ አሸንዳ በወንበር ይደረስበታል። ጣራሽን እኔ ነኝ የከደንኩት።"

"ለእህቴ አሸንዳ ነው።"

"እህት የለሽም።"

"ምን አገባህ እህቴ ውስጥ! መሰላል ነው የጠየቅኩህ!"

"የማን በር ነው?"

ቀላች። "የምን በር?"

"ካልነገርሽኝ መሰላሉን አላውስም። በዚህ መንገድ ላይ ሹክሹክታ በዝቷል። ጥዴም ይሰረቃል።"

"እርስዎ!" አለች። ቶቬ ስትናደድ እርስዎ ትለኛለች። "እርስዎ ከነመሰላልዎ ይቀበሩ!"

ስትሄድ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያለቀሰች መሰለኝ። ሳስበው የሳቀችም ሊሆን ይችላል። ከጀርባ አይታወቅም።

በዚህ ሰሞን የሠርግ ቀን ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የሰው ቀን አልቆጥርም።

ሴፕቴምበር 25

አዲስ ፒጃማ ገዛሁ፣ ሰማያዊ። የአሮጌው ክርን ተቀዷል። ከምንም ነገር ጋር አይገናኝም።

ሴፕቴምበር 27፣ ዓርብ

ቪላድስ በጠዋቱ መርከብ ሄደ።

ቁርስ ላይ "ጥናትህ አለቀ?" አለኝ።

"ገና ነው።"

"እስካሁን ምን አገኘህ?"

"ልዩነት አላገኘሁም። የተጋባውም ያልተጋባውም ይጨቃጨቃል። ስለ ሻንጣ፣ ስለ ውሃ..."

"አንከር፣ እኔ የጠየቅኩህ ስለ ሰው አይደለም።"

ከዚያ ትልቁን ሻንጣ አወረደ። ለጥቂት ቀን ትልቁ ሻንጣ ምን ያደርጋል አልኩት።

"ለስንት ቀን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ያን ቀን ማለዳ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን አቁሜ እዚያ አልጋ ላይ እንደማልተኛ ነው። አንዴ ተኝቻለሁ። ና፣ አብረን እንሂድ።"

"ቤቱን ጥዬ አልሄድም።"

"አውቃለሁ" አለ። አልተናደደም። ቢናደድ ይሻለኝ ነበር።

ሻንጣውን እስከ ወደብ ተሸከምኩለት። ከባድ ነው፤ የብርድ ጊዜ ልብሱን ሁሉ የያዘ ያህል ይመዝናል። ስለ ሱቁ ልነግረው አፌን ስከፍት መርከቢቱ ጮኸች። ገመዱ ሲፈታ "መልካም መንገድ" አልኩት። ሌላ የሚባል ነገር ነበር።

ሴፕቴምበር 28

ድንች ቀቀልኩ። ለሁለት ሰው ነው የቀቀልኩት። ቤቱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር።

ሴፕቴምበር 30፣ ሰኞ

ዳቦ እንዴት እንደሚነሳ አላውቅም። ከዳቦ ጋጋሪ ጋር ኖሬ ይህን አለማወቅ ድንቁርና ነው። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በኋላ ጀመርኩ፣ ለማወቅ ብቻ። ዱቄት፣ ጨው፣ እርሾ፣ ውሃ። አቦካሁት። ሊጡ እንደ ሲሚንቶ ሆነ፣ ኩፍ አላለም። በየጊዜው እየከፈትኩ አየሁት፣ ምንም። ጋገርኩት። አንዱን ጓሮ ላለው የባሕር ወፍ ወረወርኩለት። ወፉ ነካው፣ አየኝ፣ ሄደ። ይህ ወፍ የዓሣ አጥንት የሚውጥ ነው።

ኦክቶበር 1፣ ማክሰኞ

እህቱ ቤት ደወልኩ።

"እርሾው ስንት ነው የሚገባው?" አልኩት።

"የምን እርሾ?"

"የዳቦው። የድብልብሎቹ።"

"ለስንት ሰው?"

እዚህ ላይ ተያዝኩ። "የመንገዱ ሰው ቢሆን" አልኩት፣ "ለምሳሌ።"

ከኋላው እህቱ "ማነው?" ስትል ይሰማኛል። እሱም "ባሌ ነው" አላት። እንዲሁ፣ ፖስተኛው ነው እንደሚባለው።

"ለምንድን ነው የምትጠይቀኝ አንከር?"

"ለማወቅ ፈልጌ።"

"ውሃው ለብ ይበል። አንተ ታፈላዋለህ፣ አውቅሃለሁ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ይሞታል። ከዚያ ሸፍነህ ተወው። እየሄድክ አትክፈተው።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪነሳ ነዋ!" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "በማታው መርከብ እመጣለሁ።"

"እኔ አልጠራሁህም።"

"አዎ፣ ስለ እርሾ ነው የደወልከው።"

ሁለተኛው ሊጥ ተነሳ፣ ትንሽ። አልከፈትኩትም፤ ከባድ ነበር አለመክፈቱ።

ነፋሱን ለማየት ወደብ ወረድኩ። ቪላድስ ትልቁን ሻንጣ ይዞ ወረደ። ቤት ስንገባ ከዳቦው አንዱን አንስቶ ጠረጴዛውን አንኳኳበት፤ ድምፁ የበር ነው። ምንም ሳይል ተቀምጦ በላው። ያኔ የሱቁን ነገር ነገርኩት፤ ጥላቻ አልነበረም፣ ቃሉ ነው ያጨቃጨቃቸው አልኩት።

"ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ይህን ሁሉ ዓመት።"

"አንድም ሰው አልጠየቀም?"

"እኔም አልጠየቅኩም" አልኩት።

ፍርፋሪውን በጣቱ እየለቀመ ቆየ። "ፒጃማው አዲስ ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

"ክርኑ ተቀዶ ነበር።"

ኦክቶበር 2፣ ረቡዕ

ከመንጋቱ በፊት ነቃሁ። ቪላድስም ነቅቷል፤ ሲተኛ አፍንጫው ያፏጫል፣ አሁን አያፏጭም። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነናል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጠጠሩ ላይ የአንድ ሰው እግር። ፖስተኛው ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ ሌላ እግር መጣ፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ የቶቬ ሹክሹክታ፣ ከሌላ ሰው ጩኸት የማይለይ።

"ቀስ በሉ እንጂ! ተኝተዋል!"

"ተኝተናል ብለዋል ማለትሽ ነው" ይላል ፕሬበን።

"ወደ ላይ! ከፍ አድርገው ማልተ!"

"ወንበር ላይ ነው ያለሁት ቶቬ፣ ከዚህ በላይ አላድግም!"

"ዝቅ አለ እኮ። ሰውዬው ረጅም ነው።"

"መሰላል የለንማ! ማን ከለከለን?"

"ጎንበስ ይበላ!"

"እሱ? ጎንበስ? እሱንማ ሳላይ ቤቴ አልገባም!"

አልጋው ይነቃነቅ ጀመር። ቪላድስ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብርድ ልብሱን አፉ ውስጥ ከቶ። ስለ ጀርባ ከዚህ በፊት ጽፌአለሁ።

"አሸንዳ አልነበረም" አልኩት በጆሮው።

"ዝም በል። ተኝተናል።"

ዘፈኑ ተጀመረ። ፕሬበን እንደ ወትሮው ከዜማው ወጣ። ተነሳንና ቪላድስ በሩን ከፈተ። የእኔ ጥድ ነው፤ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ አውቀዋለሁ። የወረቀት አበባ ሰክተውበታል። አናቱ ላይ ከብር ወረቀት የተቆረጠ 25፣ ከሥሩ ደግሞ የአጥሩ ማስታወቂያዬ ተሰቅሏል። ጥድ የሚለውን ቃል አንድ ሰው ሰርዞ ሌላ ጽፎበታል፦ ይህ ሰውዬ ባለቤት አለው።

ቪላድስ አጭር ነው፣ ቀጥ ብሎ አለፈ። እኔ ደፉ ላይ ቆምኩ። አግዳሚው እንጨት ግንባሬ ጋ ነው። መንገዱ ሁሉ ፒጃማዬን ያያል። ዘፈኑ ቆመ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለች ቶቬ። "መሰላል?"

ስንት ጣራ ሥር ጎንብሻለሁ፣ ለሥራ። ይህ ሥራ አልነበረም። ቪላድስ ከወዲያ ቆሟል። እጁን አልዘረጋልኝም፣ ና አላለኝም። ሊጥ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የጠበቀኝ፣ ሳይከፍት። ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ጥዱ ጀርባዬን ቧጠጠኝ፣ ጠሉ አንገቴ ውስጥ ገባ።

"ይመዝገብልኝ!" ብሎ ጮኸ ፕሬበን፣ እና ሁሉም ሳቁ። ቪላድስም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ጥሩ ቀልድ ግን ነው።

ከዚህ በኋላ ባለቤቶቹ ግቡ ማለት አለባቸው፣ ደንብ ነው። "ግቡ" አልኩ። "ዳቦ አለ። እኔ ነኝ የጋገርኩት፣ ባሌ አይወቀስበት።"

ቶቬ አፍንጫዋን በአንዱ የወረቀት አበባ ጠረገች።

በሉት። ማልተ ጉንጩን ይዞ አኘከ። ቶቬ "እርስዎ፣ ይህ ዳቦ ነው ወይስ የግድግዳ ድንጋይ?" አለችኝ፣ ሁለተኛ እያነሳች። ፍሪዘር ውስጥ የገባ የለም።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ጥዱ ደርቆ ቀላ። ዛሬ በሩን አወረድኩት። ዝቅ ያለ ስለነበረ መሰላሉ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ወጣሁበት። ቪላድስ ከሥር ይዞልኛል። ማስታወቂያውን ነቅዬ ሰጠሁት፤ ወጥ ቤት ከቀስተ ደመናው ባንዲራ አጠገብ ይሰቀላል።

"ጥናቱስ?" አለ።

"አልቋል።"

"ውጤቱ?"

"ባሌ የሚለውን ቃል ተናግሬ አየሁት። ልዩነት አለው። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።"

"ታዲያ?"

"ማዘጋጃ ቤቱ ዓርብ ክፍት ነው።"

መሰላሉ ተነቃነቀ። "ያዝ እንጂ!" አልኩት።

"ይዣለሁ። አዲስ ሙሽራ አልሆንም ብለህ አልነበር?"

"ዓመቱ ከየት እንደሚቆጠር የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ከሁለቱም እንቆጥራለን። ከአዲሱ ከቆጠርን መዳቡ በ2037 ጸደይ ይደርሳል።"

"ዘጠና ዓመትህ እኮ ነው አንተ ሰውዬ!"

"ሰማንያ ዘጠኝ። ያኔስ ከፍ አድርገው ይሠሩት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ማልተን ጠርቼ፣ ለሚቀጥለው በር ሳይጠይቀኝ እንዲወስደው፣ መሰላሉ የሚሰቀልበትን ቦታ አሳየሁት።